ከምርኮ እስከ መንግሥት ምክር፤ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ታሪክ

ኢዮቤልዩ በኦሪቱ ሥርዓት ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተፈጸመ በኋላ የሚከበር የሃምሳኛው ዓመት በዓል ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ በችግር ምክንያት የተሸጠው ርስት ወደ ባለርስቱ ይመለሳል፤ በባርነት የተያዘውም ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ ይገባል። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የደስታ በዓል ብቻ አይደለም፤ ማን መሬቱን አጣ፥ ማን ከወገኑ ተለየ፥ ማንስ ሊመለስ ይገባዋል ተብሎ የሚመረመርበት ቀን ነው። በቦንጋ ለሚሰበሰበው ምእመን ይህ ነገር ከመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ አይደለም፤ የካፋ አገር ምርኮንም የመሬትን ማጣትም በገዛ ታሪኩ አይቶታልና። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ታሪክ በዚህ የኢዮቤልዩ መታሰቢያ ውስጥ የሚነገረውም ስለዚሁ ነው። እኒህ ሰው በልጅነታቸው የጦር ምርኮኛ ነበሩ፤ በሽምግልናቸው ደግሞ በኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ሕግና ስለ መሬት፥ ስለ ጦርና ስለ ሹመት ከሚመክሩት ሁሉ ድምፃቸው የከበደ መካሪ ሆነዋል። ከፍታቸውም ጉድለታቸውም ለዚህ አገር ሕዝብ የሚያስተምረው ብዙ ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት ከሸዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጨቦ ምድር፥ በ19ኛው ምዕተ ዓመት እኩሌታ ገደማ ነው፤ አባታቸው ዲነግዴም የጨቦ ኦሮሞ ነበሩ። በዚያ ዘመን ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በአባታቸው ዙፋን በሸዋ ከነገሡ በኋላ፥ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እያሰፉ ይሄዱ ነበር። ከነዚህ ዘመቻዎች በአንዱ ብላቴናው ተማርኮ ወደ ንጉሡ ሰፈር መጣ። የዚያን ጊዜ የምርኮኛ ዕድል ሁለት መልክ ነበረው፤ ብዙው ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ስሙ ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ ጥቂቱ ግን በጌታው ቤት አድጎ ባለሟል ይሆን ነበር። እግዚአብሔር ለዚህ ብላቴና ያዘጋጀለት ሁለተኛውን ዕድል ነበረ። በክርስትና ስሙም ሀብተ ጊዮርጊስ ተብሎ፥ የሰማዕቱን ስም ተሸክሞ በምኒልክ ቤት አደገ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ ያዕቆብ ልጅ ዮሴፍን ሳያስብ አይቀርም። ዮሴፍ ወንድሞቹ ሸጠውት ወደ ግብፅ ወረደ፤ በባዕድ አገር ባሪያ ሆኖ ጀመረ፥ የፈርዖንን ቤት ሁሉ የሚያዝ ጌታ ሆኖ ፈጸመ። ዮሴፍን ከፍ ያደረገው ጕልበቱ ሳይሆን ምክሩ እንደ ነበር፥ ሀብተ ጊዮርጊስንም ከሌሎች የጦር ሰዎች የለያቸው ማስተዋላቸው ነው። የፈረስ ስማቸው አባ መላ መባሉ ከጠባያቸው ጋር የተስማማ ነበር፤ መላ ማለት ጭንቅ በመጣ ጊዜ የሚገኝ መውጫ ነውና። ወደ ውጭ አገር ሄደው አልተማሩም፤ ትምህርት ቤታቸው ቤተ መንግሥቱ ነበር። በዚያም ነገር ሲሰማ፥ ባላጋራ ሲከራከር፥ ዋስ ሲጠራ፥ ዳኛ ሲፈርድ እያዩ የአገሩን ልማድና ሕግ በልባቸው አኖሩት። ብዙ ሰምቶ ጥቂት መናገር የሚለው የአበው ምክር በእርሳቸው ላይ ሲፈጸም ታይቷል።

በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ትግሬን ይዞ በተነሣ ጊዜ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር በየካቲት 23 ቀን በዓድዋ ድል አደረገ። በዚያ ቀን ከወደቁት የጦር አለቆች አንዱ ስመ ጥሩው ፊታውራሪ ገበየሁ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪነት ማለት የመሐሉን ጦር እየመሩ በፊት መገስገስ ነው፤ እንደ ገበየሁ ያለ ሰው በሞተ ጊዜ በስፍራው የሚተካው ሰው ቀላል ሊሆን አይችልም። ምኒልክም ያን ስፍራ ለሀብተ ጊዮርጊስ ሰጡ። በምርኮ ከመጣ ብላቴና እጅ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ግንባር መግባቱ፥ ጌትነት በዘር ይቆጠር በነበረበት በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር።

ከዓድዋ በኋላ ያለው ዓመት የካፋንም የሀብተ ጊዮርጊስንም ታሪክ የሚያገናኝ ዓመት ነው። የአውሮፓ መንግሥታት አፍሪቃን እየተካፈሉ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን ይጠጉ ስለ ነበር፥ ምኒልክ እነርሱ ሳይደርሱ የደቡቡን አገር ለመያዝ ቸኮሉ። በ1889 ዓ.ም. ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ቦረና ሲዘምቱ፥ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ ወደ ካፋ ዘመቱ። ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰው፥ የጅማውም ንጉሥ አባ ጅፋር ከነጦራቸው ተሰልፈው ነበር። የካፋ መንግሥት ለብዙ ምዕተ ዓመታት በጥልቅ ቦይና በአጥር በጫካም ተጠብቆ የኖረ መንግሥት ነው፤ ክርስትናም ከዚያ ዘመቻ አስቀድሞ ከመቶዎች ዓመታት በፊት በዚህ አገር የታወቀ ነበር። ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በጦር ቢሸነፉም እጃቸውን አልሰጡም፤ በጫካው ውስጥ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተሸሸጉ ብዙ ወራት ከታገሉ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ተያዙ። አገሩም በጦርነቱ እጅግ ተጎዳ፤ ቤትና እርሻ ጠፋ፤ ስሙ ያልተጻፈ ብዙ ሕዝብም ተማርኮ ተወሰደ።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ዓመታት በአንድ መንግሥት ውስጥ የሁለት ምርኮኞች ዕድል ጎን ለጎን ሆኖ ይታያል። አንደኛው ሕፃን ሆኖ የተማረከው ሀብተ ጊዮርጊስ ሲሆን፥ ከዓመት ወደ ዓመት ክብሩ እየጨመረ ሄደ። ሁለተኛው ንጉሥ ሆኖ የተማረከው ጋኪ ሸሮቾ ነው፤ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሸዋ ተወሰደ፥ አገሩንም ዳግመኛ ሳያይ በ1911 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዐረፈ። የአንዱ ምርኮ የሹመት በር ሆነ፤ የሌላው ምርኮ የዙፋን መጨረሻ ሆነ። እግዚአብሔር አንዱን ከፍ ሲያደርግ ሌላውን ዝቅ ማድረጉ በሰው ልብ የማይመረመር ነው፤ ነገር ግን ከፍ ያለው ሰው ዝቅ ያለውን ማስታወስ እንደሚገባው ማንም ያውቃል።

ካፋ በነጻነቷ ዘመን የምክር አገር እንደ ነበረች በዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የካፋው ታቶ ብቻውን አይገዛም ነበር፤ ሚክሬቾ የሚባሉ የታላላቅ ነገዶች ሹማምት ጉባኤ ነበሩት። እነርሱም በጦርና በሰላም፥ በሹመትና በፍርድ ይመክሩ፥ ንጉሡ ባረፈ ጊዜም ከልጆቹ መካከል ማን እንዲነግሥ ይመርጡ ነበር። ስለዚህ የንጉሥ ቃል በመካሮች መታሰር እንዳለበት ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አልነበረም። በአዲስ አበባ ግን በሥርዓት የተቋቋመ የሚኒስትሮች ጉባኤ የታየው ካፋ ከተያዘች ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮፓ ሥርዓት ሚኒስትሮችን ሾሙ። አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፥ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት፥ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፥ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ፥ ሊቀ መኳስ ከተማ የአገር ግዛት፥ ከንቲባ ወልደ ጻድቅ የእርሻ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሌሎችም ለግቢና ለሥራ ተሾሙ። የጦር ሚኒስትርነቱ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። ከዚህ ቀን ጀምረው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፥ 19 ዓመት ሙሉ፥ ሦስት ነገሥታት ተለዋውጠው እርሳቸው ከዚያ ወንበር አልተነሡም። በዘመናቸው ከተሾሙት ሚኒስትሮች አንዱ ስንኳ ይህን ያህል ጊዜ በሥልጣኑ አልቆየም። የጦሩ ሥራ ብቻ ሳይሆን የሚኒስትሮቹ ጉባኤ መሪነትም ቀስ በቀስ በእርሳቸው ላይ ወደቀ።

እነዚህም ዓመታት ጸጥታ የሞላባቸው አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ተይዘው አንደበታቸው ሲዘጋ፥ ወራሻቸው ልጅ ኢያሱ በግንቦት 1901 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢነገሩም ገና ብላቴና ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ ሹመቱንና ሽረቱን በእጃቸው እያደረጉ በሄዱ ጊዜ መኳንንቱ ተሰብስበው መከሩ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም.ም እቴጌ ከመንግሥቱ ሥራ እንዲለዩ ተደረገ። በዚህ ምክር ውስጥ የሀብተ ጊዮርጊስ ቃል ብርቱ ነበር። ሞግዚት እንደራሴ የነበሩት ራስ ቢትወደድ ተሰማም በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ አገሪቱ በታመመ ንጉሥና በወጣት ወራሽ መካከል ቀረች። በዚያ ጊዜ የእርስ በርስ ጦርነት መነሣት ቅርብ ነበር። ጦሩን ይዘው መንግሥቱን ለራሳቸው ያላደረጉት፥ ለሌላም አሳልፈው ያልሰጡት አባ መላ በትዕግሥት ጠበቁ። ምኒልክ በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

ልጅ ኢያሱ አገር ለአገር ሲዞሩ፥ በአዲስ አበባ የመንግሥቱ ሥራ ተንጠለጠለ። ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚለው ወሬ ካህናቱንና መኳንንቱን አስጨነቀ፤ በዚያ ወራት የዓለም ጦርነት ይካሄድ ስለ ነበር የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞችም ነገሩን ያባብሱ ነበር። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል ቀን፥ መኳንንቱና ካህናቱ በቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ፤ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ለልጅ ኢያሱ ከማለው መሐላ ፈቱት። የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንም ራስና አልጋ ወራሽ እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚህ ውሳኔ ለሴት ዙፋንን፥ ለወጣት እንደራሴነትን ሰጥቶ ሁለቱን ወገን ያስታረቀው ምክር ያለ ሀብተ ጊዮርጊስ ፈቃድ ሊጸና አይችልም ነበር፤ ጦሩ በእርሳቸው እጅ ነበረና።

የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ይህን በሰሙ ጊዜ የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። በቶራ መስክ የራስ ልዑል ሰገድ ጦር ተሸነፈ፤ ራስ ልዑል ሰገድም ሞቱ፤ አዲስ አበባም ተሸበረች። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን የሩቁ አገር ጦር እስኪከት ድረስ በመልእክት ንጉሥ ሚካኤልን አዘገዩ፤ ወዳጅ መስለው እየላኩ ቀን ገዙ። በመጨረሻም በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ የወሎ ጦር ተሸነፈ፥ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን የወደቀው የክርስቲያን ደም እጅግ ብዙ ነው። ድሉ መንግሥቱን ከመከፈል አዳነ፤ ነገር ግን አገሩ ከአገሩ ጋር የተዋጋበት ድል ስለ ሆነ የኀዘን ድል ነው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም በየካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. የመንግሥት ዘውድ ጫኑ። ካፋን የወጉት ራስ ወልደ ጊዮርጊስም በዚያው ዘመን የጎንደር ንጉሥ ተብለው ነበር፤ በ1910 ዓ.ም. ግን ሞት ቀደማቸው።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል መንግሥቱ በሦስት ምሰሶ ቆመ። በዙፋኑ ላይ ንግሥቲቱ፥ በእንደራሴነት ራስ ተፈሪ፥ በጦሩና በምክሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ራስ ተፈሪ አዲስ ሥርዓትን ይሹ ነበር፤ ንግሥቲቱና ሊቀ ጳጳሱ የቀድሞውን ልማድ ይወዱ ነበር፤ አባ መላም ከልማዱ ወገን ሆነው ነገሩ ከልክ እንዳያልፍ ይመዝኑ ነበር። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው ጦር ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ብሎ በጮኸ ጊዜ ሌሎቹ ሁሉ ተሻሩ፤ የጦር ሚኒስትሩ ብቻ በስፍራቸው ቀሩ። ይህም ወታደሩ ምን ያህል እንደሚፈራቸውና እንደሚያምናቸው ያሳያል። አልጋ ወራሹ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሄደው ወራት ሲቆዩ፥ ዋና ከተማዋን በጸጥታ ያቆዩት እርሳቸው ነበሩ።

በፍርድ ነገር ግን ስማቸው ከጦርነቱ ይልቅ በሕዝቡ አፍ ይኖር ነበር። የነገር ሥር ፈልጎ ማግኘት፥ ሐሰተኛ ምስክርን በጥያቄ ማሰናከል፥ የአገሩን ልማድ ከጭብጡ ጋር ማስማማት ያውቁ ነበር። ባላገር ከመኰንን ጋር ቢከራከር፥ መኰንኑ ባለጋሻ ስለ ሆነ ብቻ ይረታል ማለት አልነበረም። እነዚህን ነገሮች ሕዝቡ በየጭዋታው እያነሣ ለብዙ ዘመን ሲተርክ ኖረ፤ በአዲስ አበባም በስማቸው የሚጠራ ድልድይና ሰፈር አለ።

ነገር ግን የዳኛ ጥበብ ፊት ለፊቱ የቆመውን ባለጉዳይ ሊጠቅም ይችላል፤ ፊት ለፊቱ ሊደርስ የማይችለውን ሰው ግን ሥርዓቱ ራሱ ካልታረመ አያድነውም። የጦር ሚኒስትሩ ጦር ደመወዝ በገንዘብ የሚበላ ጦር አልነበረም፤ በመሬትና በገባር የሚኖር ነበር። በደቡቡ አገር ለሰፈረው ወታደር እንደየማዕርጉ ገባር ይሰጠው ነበር፤ ገባሩም እህልና ማር ከማግባት በላይ እንጨት ይሸከማል፥ አጥር ያጥራል፥ እህል ይፈጫል፥ ጭነት ያደርሳል። በብዙ አገርም መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ተከፈለ፤ ለአገሩ ባላባት ሲሶው ቀርቶ የቀረው ለመንግሥት፥ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለካህናት በሰሞን የተሰጠው መሬትም ከዚሁ ድልድል ውስጥ የወጣ ነው፤ ይህንንም ካህናት ራሳቸው ሳይሸሽጉ መናገር ይገባቸዋል። የካፋ ገበሬ አያት ቅድመ አያቱ ያረሱትን መሬት ሲያርስ፥ በገዛ ርስቱ ላይ የሰው ጭሰኛ ሆኖ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው።

እዚህ ላይ የዮሴፍ ታሪክ ሁለተኛው ክፍል ይታሰባል፤ ብዙ ሰባኪ ከመጀመሪያው ክፍል ላይ ቆሞ ይመለሳልና። በኦሪት ዘፍጥረት በ47ኛው ምዕራፍ እንደሚነበበው፥ ያ ሕዝብን ከረሀብ ያዳነ ዮሴፍ በረሀቡ ዘመን የግብፅን ሕዝብ ከብትና መሬት ለፈርዖን ገዛ፤ ሕዝቡም መሬቱን እያረሰ አምስተኛውን እጅ የሚገብር አገልጋይ ሆነ። የካህናቱ መሬት ብቻ ሳይሸጥ ቀረ። ዮሴፍ ያቆመው ሥርዓት በእርሱ ዘመን ሕይወትን አዳነ፤ ዮሴፍን የማያውቅ ሌላ ፈርዖን በተነሣ ጊዜ ግን የዮሴፍ የገዛ ወገኖች በባርነት ተጨነቁ። ጥበበኛ ሰው የሠራው ሥርዓት ጥበበኛው ሲሞት በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የሀብተ ጊዮርጊስም ነገር እንዲሁ ነው። ገባርን ከሥር የሚፈታ ሥርዓት በዘመናቸው አልተቋቋመም፤ እርሳቸውም አዲስ ነገርን የሚጠራጠሩ ስለ ነበሩ ወደዚያ አልገፉም።

በባሪያም ነገር ይኸው ይታያል። ኢትዮጵያ በመስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ የሚያዝ ዐዋጅ ወጣ። ይህን መንገድ የመሩት አልጋ ወራሹ ነበሩ፤ የቀድሞው ልማድ ጠባቂዎች ግን በልባቸው ሙሉ ሆነው አልተከተሉትም። ሀብተ ጊዮርጊስም ከልማዱ ጠባቂዎች ዋነኛው ነበሩ። በዚያ ዘመን ከካፋና ከአጎራባቹ አገሮች እየተነዳ የሚሄደው ሕዝብ ገና አልተቋረጠም ነበር። በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ተነጥቆ የተወሰደ ሰው፥ በመካሮች ራስ ላይ ተቀምጦ ሳለ ለተነጠቁት ልጆች ከሌላው ሁሉ አብልጦ ሊጮኽ ይችል ነበር። ፍርዱ ለእግዚአብሔር ነው፤ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ግን የኢዮቤልዩን በዓል ስም ያበላሻል።

በ1919 ዓ.ም. መጀመሪያ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ዐረፉ፤ በኅዳር ወር መጨረሻ ከተቀበሩ ጥቂት ቀን እንኳ ሳይቆይ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 3 ቀን ዐረፉ። ቀኑ እመቤታችን በሦስት ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት የበዓታ በዓል ነበረ፤ ያሳደጓቸው ጌታ ዳግማዊ ምኒልክም ከ13 ዓመት በፊት ያረፉት በዚሁ ቀን ነው። በአገልጋይነት የገባው ምርኮኛና ጌታው በአንድ የእመቤታችን በዓል ከዚህ ዓለም ወጡ። የንጉሡ ዐፅምም በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ያረፈ ስለ ሆነ፥ ካህናት ይህን መገጣጠም ሲያስቡ ያደንቁታል።

ሁለቱ አረጋውያን በአንድ ሰሞን ከሄዱ በኋላ የልማዱ ወገን ምሰሶ ወደቀ። ራስ ተፈሪ የሟቹን ብዙ ሺህ ጦርና ግዛት ወደ እጃቸው አደረጉ፤ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችም ተቋቋሙ። አባ መላ በቃልና በልማድ፥ በፊት ለፊት ምክር ይሠሩት የነበረው ሥራ ከዚያ ወዲህ በጽሑፍና በሥርዓት መሠራት ጀመረ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን እንደራሴዎች የመረጡት መኳንንቱና የአገሩ ሹማምት ነበሩ፤ ገባሩ ራሱ ድምፅ አልነበረውም። ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፥ ጭሰኝነት የተሻረው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ነው። ፊታውራሪው ካረፉ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ 48 ዓመት አለፈ፤ ይህ ቁጥር ከአንድ ኢዮቤልዩ ሁለት ዓመት ብቻ ያንሳል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ታሪክ ሚዛኑ ምንድር ነው? በአንድ ወገን፥ ዘርና ሀብት የሌለው ምርኮኛ በማስተዋልና በታማኝነት ብቻ ከሁሉ በላይ ሊወጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ጦር በእጃቸው ሳለ ዘውድን ለራሳቸው አልተመኙም፤ ሦስት ጊዜ መንግሥት ሊፈርስ ሲቃረብ በምክር አቆሙት፤ ከአገርም በፊት የራሳቸውን ጥቅም አላስቀደሙም። እንዲህ ያለ ሰው በማንኛውም ዘመን ብርቅ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ፥ የመካር ጥበብ በተሰበሰቡት ሰዎች ልክ የሚለካ መሆኑ በእርሳቸው ታውቋል። በሚክሬቾ ጉባኤ የካፋ ታላላቅ ነገዶች ይናገሩ ነበር፥ ባሪያው አይናገርም ነበር፤ በአዲስ አበባው ጉባኤ መኳንንቱ ይናገሩ ነበር፥ ገባሩ አይናገርም ነበር። ድምፁ በጉባኤ ያልተሰማ ሰው ሕጉ ሲወጣ ይረሳል፤ ይህም የሚሆነው መካሮቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ ያልተቀመጠውን ሰው ችግር ከወንበራቸው ላይ ሆነው አያዩትምና ነው።

ይህም ምክር ለመንግሥት ብቻ የሚሆን አይደለም። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ሰበካ ጉባኤ አላት፤ አለቃውና ካህናቱ፥ ሽማግሌዎቹና ምእመናኑ ተቀምጠው ስለ ንብረቷና ስለ አገልግሎቷ ይመክራሉ። በዚያ ጉባኤ መበለቲቱና ወጣቱ፥ ከገጠር የሚመጣው ድሀና ቋንቋው የሚለየው እንግዳ ድምፅ ካላቸው ምክሩ ይባረካል፤ ከሌላቸው ግን የተሰበሰቡት ጥበበኞች ቢሆኑም ሥራው ጎደሎ ይሆናል። ኢዮቤልዩን የሚያከብር አጥቢያ ከሥዕሉና ከጉልላቱ አስቀድሞ ማንን ረስተናል ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።

የጨቦውን ምርኮኛ ወደ ክብር ያወጣ፥ የካፋውን ንጉሥ በግዞት ያሰበ አምላክ፥ በጦርና በባርነት ስማቸው ሳይጻፍ ያለፉትን የዚህን አገር ልጆች በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስንም ነፍስ ከአብርሃምና ከይስሐቅ ከያዕቆብም ጋር ያሳርፍልን፤ ለምእመናንም የምክርንና የፍትሕን መንፈስ ያድልልን፤ አሜን።